በሙያ ጉባኤ ላይ ፖስተር ለማቅረብ ምን ላዘጋጅ?

የካታሎግ ሠራተኛ ነኝ። በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ፖስተር ላቀርብ ነው። በምን መጠን ላሳትም? በተመሳሳይ ሰዓት ከሚካሄዱት መድረኮችስ የቱን ልምረጥ?

ምላሽ 1፦
መጀመሪያ የአዘጋጆቹን መመሪያ ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ኤ ዜሮ የሚባለው የወረቀት መጠን ነው፤ 84.1 በ118.9 ሳንቲ ሜትር። ቁም ይሁን አግድም ሳያረጋግጡ አያሳትሙ፤ አግድሙ ጠባብ ሰሌዳ ላይ ከዳር ይተርፋል። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ፎንቱን አካትተው ይላኩ። አለዚያ የግዕዙ ፊደል በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ ይላል። የዋናው ጽሑፍ ፊደል ከ24 ነጥብ አይነስ።

ምላሽ 2፦
በፊደሉ መጠን እስማማለሁ፤ ግን ዋናው ችግር የጽሑፍ ብዛት ነው። ከ400 ቃላት ካለፈ ቆሞ የሚያነብ የለም። የጥናቱን ዘዴ በሁለት መስመር ይጨርሱና ቦታውን ለውጤቱ ይስጡት።

ምላሽ 3፦
መድረኩን በተመለከተ፣ እዚያ የሚቀርበው ጽሑፍ ኋላ የሚታተም ከሆነ ይለፉት፤ የተግባር ሥልጠናውን ይግቡ። የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ሻጮች ጋ ሲሄዱ ደግሞ 20 ያህል የራስዎን የማርክ መዝገቦች (ኮምፒውተር የሚያነባቸው የካታሎግ መዝገቦች) በፍላሽ ይያዙ። የእነሱ ማሳያ ሁሌም ያምራል! የእርስዎን አስገብተው፣ ፈልገው፣ መልሰው ያውጡልዎት። በዩቲኤፍ 8 (የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት በሚይዘው የኮምፒውተር ኮድ) ካልወጣ የግዕዙ ጽሑፍ ይበላሻል፤ የድሮው የማርክ የፊደል ኮድ፣ ማርክ 8፣ ግዕዝን አያውቅም።