ከሦስት ቁልፍ በሁለቱ የሚከፈት የቢትኮይን ዋሌት ለቤተሰብ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥያቄ፦ የካዛንቺሷ

ጤና ይስጥልኝ። በውጭ አገር የሚኖር ታላቅ ወንድማችን ባለፉት ዓመታት ያጠራቀመው ቢትኮይን አለው። እስካሁን የያዘው በአንድ ሃርድዌር ዋሌት (የግል ቁልፉን በሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) ብቻ ነው፤ እሱ አንድ ነገር ቢሆን ንብረቱ አብሮት እንዳይጠፋ በመስጋት እኔንና ታናሻችንን ጨምሮ ከሦስት ቁልፍ በሁለቱ የሚከፈት መልቲሲግ ዋሌት እናዘጋጅ ብሎናል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የጣምራ ፊርማን አሠራር አውቀዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችን ቼክ የሚወጣው ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው ሁለቱም ሲፈርሙበት ነው። ነገር ግን ከፈራሚዎቹ አንዱ ሥራ ቢለቅ ለባንኩ ደብዳቤ ጽፈን እናስተካክላለን፤ እዚህ ደብዳቤ የሚቀበለን አካል ስለሌለ ነገሩን ከመጀመሬ በፊት መጠየቅ መረጥኩ።

ለመፈረም ሁለታችንም በአንድ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ መገኘት ይኖርብናል ወይ? ከሦስቱ መሣሪያዎች አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ በቀሩት ሁለቱ ያለ ችግር ማውጣት ይቻላል ወይ? እኔና ታናሼ የምንኖረው በአንድ ግቢ መሆኑንም ብታውቁልኝ መልካም ነው።

ምላሽ፦ ከአራት ኪሎ

ጣምራ ፊርማን ማወቅዎ ግማሹን መንገድ ያሻግርዎታል። የባንኩን ገንዘብ ከፋይ የሚተካው ኔትወርኩ ራሱ ነው፤ በአድራሻው ላይ ከተደነገገው ቁጥር ያነሰ ፊርማ የያዘ ዝውውር ቢቀርብለት አይቀበልም። በቢትኮይን ላይ ይህን አሠራር ለተራ ተጠቃሚ ምቹ ያደረገው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፣ በ3 ቁጥር የሚጀምሩትን አድራሻዎች ያመጣው ማሻሻያ ነው፤ ዛሬ አዲስ ዋሌት የሚያዘጋጅ ሰው ግን የኔትወርክ ክፍያው ዝቅ የሚልለትን፣ ሴግዊት የሚባለውን አዲሱን የአድራሻ ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል።

አዘገጃጀቱን በተመለከተ፣ ሦስታችሁም በየራሳችሁ መሣሪያ ላይ፣ በየራሳችሁ ቦታ፣ የየራሳችሁን 12 ወይም 24 ቃላት (መሣሪያው ቢጠፋ ቁልፉን መልሶ የሚያስገኘውን የቃላት ዝርዝር) ትፈጥራላችሁ፤ የአንዱን ቃላት ሌላው ማየት የለበትም፤ ታላቅ ወንድማችሁም ቢሆን «እኔ ላዘጋጅላችሁ» ቢል አትፍቀዱለት፤ ምክንያቱም ሦስቱንም ቃላት አንድ ሰው ካያቸው ዋሌቱ የአንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ኤክስፐብ የሚባለው፣ ሒሳቡን ለማየት እንጂ ገንዘብ ለማውጣት የማያስችለው የሕዝብ ቁልፍ ብቻ ነው። ሦስቱን ኤክስፐቦች እንደ ስፓሮው ወይም ኤሌክትረም ባለ ፕሮግራም ላይ አስገብታችሁ ከሦስት ሁለት የሚለውን ስትመርጡ ዋሌቱ ይመሠረታል።

በአንድ ሰዓት መገናኘት አያስፈልግም። አንዳችሁ ዝውውሩን አዘጋጅታችሁ ትፈርሙና ፒኤስቢቲ የሚባለውን፣ ፊርማው ገና ያልተሟላ ፋይል በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ለሌላው ትልካላችሁ፤ ሌላው በማግስቱም ሆነ በሳምንቱ ፈርሞ ወደ ኔትወርኩ ይለቀዋል። በፋይሉ ውስጥ የግል ቁልፍ የለም፤ የገንዘቡ መጠንና አድራሻዎቹ ግን ስለሚታዩ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ባይለቀቅ ይመረጣል። መፈረሙ ራሱ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ይሠራል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ «አዎ» ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሁለት ሰው ቃላት በእጅ መኖሩ ብቻውን ዋሌቱን አይመልስም። አድራሻው የተሠራው ከሦስቱም የሕዝብ ቁልፎች ስለሆነ የሦስተኛው ሰው ኤክስፐብ ከሌለ ገንዘቡ የት እንዳለ ማግኘትም ሆነ ከዚያ ማውጣት አይቻልም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ፣ የታናሽዎ መሣሪያ ከነቃላቱ ጠፍቶ፣ እርስዎና ታላቅ ወንድምዎ 48ቱን ቃላት አንድም ሳይጎድል ይዛችሁ ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ዴስክሪፕተር ብሎ የሚሰጣችሁን፣ ሦስቱን ኤክስፐቦችና የዋሌቱን ደንብ አንድ ላይ የያዘውን ጽሑፍ አትማችሁ፣ በፍላሽም ገልብጣችሁ ሦስታችሁም ዘንድ አስቀምጡት። ሌባ ቢያገኘው ሒሳባችሁን ያያል እንጂ ሳንቲም አያወጣበትም።

ምላሽ፦ ፒያሳ ዙሪያ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ «በአንድ ግቢ» የሚለው ነው። የሁለታችሁም መሣሪያና ቃላት በአንድ ቤት ከተቀመጡ አንድ ሌባ በአንድ ሌሊት ሁለት ቁልፍ ያገኛል፤ እሳት ከተነሳ ደግሞ ታላቅ ወንድማችሁ በአንድ ቁልፍ ብቻ ይቀራል፣ በአንድ ቁልፍ ደግሞ ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ መሣሪያዎቹ በፒን ተቆልፈው ቤት ቢቀመጡም ቃላቱ ወደ ሌላ ሠፈር፣ ያውም ወደተለያየ ቦታ ይውጡ፤ ካዝና የሚያከራይ ባንክ ካገኛችሁ የአንዳችሁን እዚያ፣ የሌላውን በሚታመን ዘመድ ቤት በታሸገ ፖስታ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ቃላቱን በብረት ላይ ማስፈር የሚመርጥ ሰው ወደ ማኅተም ቀራጭ ሄዶ እንዳያስቀርጽ አደራ፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤትም፣ የስልክ ካሜራም ከዚሁ ይቆጠራሉ። በመዶሻ እየተመታ ፊደል የሚያትም ብረት ገዝታችሁ በራሳችሁ እጅ ጻፉት፤ ቃላቱ የሚመረጡት 2,048 ቃላት ካሉበት ዝርዝር ሲሆን የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሌላው ስለሚለዩት ከአራት በላይ መምታት አያስፈልግም።

መሣሪያውን በተመለከተ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ማስያዙ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከአምራቹ በቀጥታ የተገዛና ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን። ሳጥኑን ስትከፍቱ ቃላቱ ቀድመው የተጻፉበት ካርድ ካገኛችሁ መሣሪያው የተዘጋጀው ለሌባው ስለሆነ አትጠቀሙበት። ሦስቱ መሣሪያዎች ከተለያየ አምራች ቢሆኑ ደግሞ የአንዱ ፈርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ፕሮግራም) ጉድለት ሁለት ቁልፍ አይወስድባችሁም።

ሲፈርሙ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳይሆን የመሣሪያውን ትንሽ መስኮት ይመኑ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ባይቢት ከተባለው የክሪፕቶ ገበያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢቴሪየም የተዘረፈው ከመልቲሲግ ዋሌት ነበር፤ ፈራሚዎቹ በኮምፒውተራቸው ገጽ ላይ ያዩት የተለመደ ዝውውር ሲሆን የፈረሙበት ሌላ ነገር ነበር። የፈራሚዎቹ መብዛት ሁሉም አንድ ዓይነት የተበላሸ ገጽ ካዩ አያድንም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለታላቅ ወንድማችን ሳነብለት አንድ ነገር አነሳ፦ እሱ በሕይወት እያለ እኔና ታናሼ ተስማምተን ያለ እሱ ፈቃድ ማውጣት እንችላለን ማለት ነው? እኛን ባይጠራጠርም «ሰው አስገድዷችሁ ቢሆንስ» ይላል።

ምላሽ፦ ከአራት ኪሎ

ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ከሦስት ሁለት በሚለው ደንብ ማናቸውም ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ሌላ መንገድ ከፈለገ እንደ ሊያና ያሉ ዋሌቶች የጊዜ ገደብ ማስገባት ይፈቅዳሉ። እሱ ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ ያወጣል፤ የእናንተ ሁለት ፊርማ የሚሠራው ግን ገንዘቡ ለተወሰነ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ ብቻ ነው። የገደቡ ጣሪያ 65,535 ብሎክ (በአማካይ በየ10 ደቂቃው የሚጨመር የኔትወርኩ መዝገብ ገጽ)፣ ማለትም 15 ወር ያህል ስለሆነ እሱ ጊዜው ከማለፉ በፊት ገንዘቡን ወደ ራሱ አዲስ አድራሻ እያዛወረ ቆጠራውን ማደስ ይኖርበታል። ጉዳቱም አለ፤ የእሱ አንድ ቁልፍ ከተሰረቀ ገንዘቡ ያው ሄደ። እኔ ለእናንተ ቢሆን ተራውን ከሦስት ሁለት እመርጥና የእናንተን ቁልፎች አራርቄ አስቀምጣለሁ፤ ሌሊት በር ሰብሮ የገባ ሰው ሁለት ሠፈር ይዟችሁ መዞር አይሆንለትም።

በተረፈ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መገልገል ሕገ ወጥ መሆኑን ማሳሰቡን አትዘንጉ፤ እዚህ የምትይዙት ቁልፍ የማስቀመጫ እንጂ የመገበያያ አይሁን።

ዋናውን ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን አስገቡና ዋሌቱን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰርዙት። ከዚያም ከታተመው ዴስክሪፕተር መልሳችሁ አቋቁሙትና እርስዎና ታናሽዎ፣ እርስዎና ታላቅዎ፣ ታናሽዎና ታላቅዎ በየተራ እየፈረማችሁ አውጡ። ቢያንስ የአንዱን መሣሪያ ውስጥ አጽድታችሁ ከተጻፉት ቃላት መልሱት፤ ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ እንኳ ካልሠራ ዋናው ገንዘብ ባለበት ይቆይና የታየውን የስህተት መልእክት እዚህ ጻፉልን።