ፋሲል ግንብ ላይ ራምፕ ይሠራ ወይስ አይነካ?

ጃንተከል፦ ጎንደር ያለው የነገሥታቱ ግቢ፣ ፋሲል ግንብ ያለበት፣ ከታደሰ ወዲህ ሁሉም ፎቶ ይለጥፋል። ያምራል፣ አልካድኩም። ግን አንድ ነገር ላንሳ። በዊልቸር የሚሄድ፣ በክራንች የሚራመድ፣ የማያይ፣ የማይሰማ ሰው እዚያ ገብቶ ምን ያገኛል? ራምፕ፣ ማለት በደረጃ ፋንታ ተዳፋት መወጣጫ፣ ይሠራ ወይስ ቅርስ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ? የመሰላችሁን ጻፉ። ስድብ ግን አጠፋለሁ።

አውቶፓርኮ፦ አይነካ! አለቀ። ዩኔስኮ በ1979 እንደ ፈረንጆቹ የመዘገበው በዋዛ አይደለም። ጣልያን በ1930ዎቹ በሲሚንቶና በአርማታ ጠገንኩት ብሎ አበላሸው። በ1970ዎቹ ባለሙያዎች ያንን ለማረም እንደገና በኖራ ሲለፉ ነበር። ዛሬ ደግሞ እኛው በገዛ እጃችን ኮንክሪት እናፍስስበት?

ቀሐ፦ ልጆች፣ በእኛ ጊዜ ስንቱን ተሸክመን አውጥተናል። ጎንደሬ ሰውን ደረጃ ሥር ጥሎ አይሄድም። ሁለት ጠንካራ ወጣት ካለ ራምፕ ምን ያደርጋል?

የአዘዞዋ፦ አባባ ቀሐ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ያሉት እውነት ነው፤ የሚያነሣኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የሚከፋኝም እሱ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሽልማት ልቀበል መድረክ ላይ ተጠራሁ። አራት ወንዶች ከነዊልቸሬ ብድግ አደረጉኝ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ቀሚሴ እንዳይገለብ ጫፉን ይዤ እየተሳቀቅኩ ነበር። ምስጋና እንኳ በቅጡ ሳልናገር አወረዱኝ።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ያንን አዳራሽ አፄ ፋሲል አልሠሩትም። በቅርቡ ነው የተሠራው፤ ሴራሚኩ ያብለጨልጫል። እናንተ ስለ ጥንት ድንጋይ ስትከራከሩ አዲሱ ሁሉ በደረጃ እየተሠራ ነው። ካፌው ፎቅ ላይ፣ አዝማሪ ቤቱ ምድር ቤት፣ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ሦስት ደረጃ ተወርዶ። ሰው ሙዚቃ ሊሰማ ሄዶ ውኃ ላለመጠጣት ሲጠነቀቅ አስቡት። እኔ ለግንቡ ሰገነት አልሞትም። ከበሩ ገብቼ፣ ግቢውን ዞሬ፣ ሽንት ቤት ተጠቅሜ ብወጣ ይበቃኛል።

ኖራ፦ እኔ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። የአዘዞዋ ያለችው ሕግም አለው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ መራመድ ችሎ ደረጃ መውጣት ለማይችልም መግቢያ ይኑረው ብሏል። ስለዚህ ፕላኑ ላይ ራምፕ ይሣላል፣ ፈቃድ ይወጣል። ሥራው ሲጀመር ቦታ ጠበበ ተብሎ ይቀራል። ወይም ይሠራና ፍየል የማትወጣው ዳገት ይሆናል። ልኩ እኮ ከባድ አይደለም። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ሦስት ደረጃ ግማሽ ሜትር ቢሆን 6 ሜትር ይበቃዋል። የበሩ ስፋት ከ80 ሴንቲ እንዳያንስ፣ በቃ።

አውቶፓርኮ፣ ከኮንክሪት ሌላ መንገድ የለም ያለህ ማን ነው? መሬት ላይ የሚነጠፍ የእንጨት መሄጃ አለ። አይቆፈርም፣ አይለሰንም፤ ካልተፈለገ ይነሣል። ግሪክ አቴንስ፣ አክሮፖሊስ የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደሶች ኮረብታ ላይ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ በገደሉ ጎን ሊፍት ገጥመዋል። እሱ እኮ ከፋሲል ግንብ በሁለት ሺህ ዓመት ይበልጣል።

አውቶፓርኮ፦ ግሪክ ገንዘብ አላት። እኛ ጋ ቱሪስት ከጠፋ ከረመ። አስጎብኚው ራሱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

ጠዳ፦ ከተቀመጡት አንዱ እኔ ነኝ 😄 ግን ራምፑ ለፈረንጅ ነው ያለው ማነው? የከተማው ሰው አይጎበኝም? እኛ አስጎብኚዎች እንኳ የምልክት ቋንቋ የምንችለው ጥቂት ነን። መስማት ለተሳናቸው በየግንቡ ፊት አጭር ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ቢቆም ስንት ያስወጣል? ደግሞ ደጋፊ ይዞ የመጣ ሰው ሁለት ቲኬት ለምን ይቆርጣል? ለእኔ አንድ ይበቃዋል።

ማራኪ፦ እኔ አላይም። (ኢሞጂ አትደርድሩብኝ፣ ስልኬ አንድ በአንድ ነው የሚያነብልኝ።) ራምፑ ለእኔ ብዙም አያደርግልኝም፣ ግን ይሠራ። እኔ የምፈልገው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ በእጄ የምዳስሰው ትንሽ የግንቡ ሞዴል ነው። ፋሲል ግንብ እንቁላል ግንብ ለምን እንደተባለ ጉልላቱን ዳስሼ ልወቀው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ሄጃለሁ። ጣሪያው ላይ መላእክት ተሥለዋል፣ በጣም ያምራሉ ተባልኩ። እንዴት ነው የሚያምሩት? ወዴት ያያሉ? ክንፋቸው ምን ቀለም ነው? ይህን ለመናገር በጀት አያስፈልግም።

ጠዳ፦ ይኼ ገባኝ።

ጃንተከል፦ ጥምቀትስ? ዋናው እኮ እሱ ነው።

ኖራ፦ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። በ2012 ጥምቀት፣ ፋሲል መዋኛ ገንዳው ጋ፣ ተመልካች የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል። ዊልቸር ርብራብ ላይ ይውጣ አልልም። ከታች ገንዳው አጠገብ የታጠረ ቦታ ይለይ፣ መግቢያውም ከግፊያው የራቀ ይሁን። ነፍሰ ጡርም፣ አዛውንትም ይጠቀምበታል።

ቀሐ፦ እኔም ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ጥምቀትን በቴሌቪዥን ነው የማየው። እንዲህ ያለ ቦታ ካለ እመጣለሁ። ልጄ፣ የአዳራሹ ነገር ገብቶኛል። ግን ተሸክሞ ማውጣቱን እንደ ነውር አትይው። በፍቅር ነው።

የአዘዞዋ፦ አውቃለሁ አባባ። ሲጠየቅ ይሁን ነው የምለው። ሳይጠይቁኝ አያንሡኝ።

አውቶፓርኮ፦ እሺ፣ የሚነጠፍና የሚነሣ ከሆነ አልቃወምም። ግንቡ ላይ ግን አንዲት ሚስማር እንዳትመታ።

ኖራ፦ ሚስማር የለውም አልኩህ።

አውቶፓርኮ፦ መጀመሪያ በጽሑፍ ይቅረብ፣ የቅርስ ባለሙያ ይየው።

የአዘዞዋ፦ ግንቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሴራሚክ የተነጠፈበት አዳራሽስ? እሱን ማን ከለከለው?