ኩሚንጋን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ልክ ነበር?

የኦክላንዱ፦ እኔ ልጀምር። በ2025 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የመደበኛው ውድድር መዝጊያ ቀን ዋሪየርስ ከክሊፐርስ ሲጫወት የዋሪየርስ አሰልጣኝ ስቲቭ ከር ጆናታን ኩሚንጋን አንድ ደቂቃ አላስገባውም። ከሜምፊስ ጋር በነበረው የፕሌይ-ኢን ጨዋታም፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ በሚያስገባው ማጣሪያ፣ እንደዚያው። በኋላ በጥሎ ማለፉ ከሚኔሶታ ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ የቡድኑ ኮከብ ስቴፈን ከሪ ተጎዳና ልጁ ተጠራ። በቀሩት አራት ጨዋታዎች 18፣ 30፣ 23 እና 26 ነጥብ አገባ። 22 ዓመቱ ነበር። ይሄን ልጅ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው ባይ ነኝ።

አሰልጣኙ፦ ወንድሜ፣ አራቱንም ጨዋታ ተሸንፈዋል እኮ። ከሪ ከሌለ አንድ ሰው መወርወር አለበት። ጥያቄው ከሪ ሲኖር ልጁ ምን ይሠራ ነበር ነው። የዋሪየርስ ኳስ አይቆምም። ኳስ ያልያዘው ይሮጣል፣ ለጓደኛው ይጋርዳል፣ ወደ ቅርጫቱ ይሰነጥቃል። ኩሚንጋ ኳስ ሲደርሰው ግን ይቆማል። ተከላካዩን ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለት ሦስቴ ያነጥራል፣ ከዚያ ብቻውን ይገባል። አራቱ ቆመው ያዩታል። እኔ ዘንድ የሚለማመድ የ17 ዓመት ልጅ እንደዚሁ ነው። ጥግ ላይ ጓደኛው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀው እሱ የሚያየው የተከላካዩን እግር ብቻ ነው። ራስ ወዳድ ሆኖ አይደለም። አይታየውም።

ባለ ቁጥሯ፦ ጋሼ፣ ሲገባ ግን ማን ያቆመዋል? በ2023-24 በአማካይ 16.1 ነጥብ ሲያገባ ከወረወረው ከግማሽ በላዩ ይገባለት ነበር፤ ወደ 53 በመቶ። ጉልበቱና ዝላዩ ለፎርዋርድ ብርቅ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ነው። በቀጣዩ ዓመት 15.3 ነጥብ አለው፣ ውርወራው ግን ወደ 45 በመቶ ወረደ። ከሦስት ነጥብ መስመር 30 በመቶ አካባቢ ነው። የቅጣት ውርወራው 67 በመቶ ገደማ፤ ከሦስት አንዱን ይስታል ማለት ነው። እየገባ ፋውል የሚያሠራ ሰው እዚያ ላይ እንዲህ ነጥብ መጣል የለበትም። ሪባውንድስ፣ ማለትም ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ? በዚያ ዝላይ በጨዋታ አምስት እንኳ አይሞላም። ይሄ የፍላጎት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኦክላንዱ፦ ያንን ዓመት ግን በደንብ እዪው። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ በሁለት ተከታታይ ጨዋታ 34፣ 34 አገባ። ጃንዋሪ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳና 31 ጨዋታ አመለጠው። ማርች ላይ ሲመለስ ሌላው ፎርዋርድ ጂሚ በትለር መጥቶ ቡድኑ ሌላ ሆኗል። እሱ ታሞ በተኛበት ቦታው ተያዘ።

አሰልጣኙ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። በትለር፣ ድሬይመንድ ግሪን እና ኩሚንጋ አንድ ላይ ሲገቡ ከሩቅ የሚፈራ ሰው ከሦስቱ አንድም የለም። ተከላካዮቹ ቅርጫቱ ሥር ይከማቻሉ፤ ከሪ ላይ ሁለት ሰው ይመጣበታል። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ ግን ሦስቱን አንድ ላይ ማቆየት አይቻልም ነበር።

ባለ ቁጥሯ፦ ታዲያ ሚናው ግልጽ ነበር እኮ! ከሪ ሲያርፍ ገብቶ ኳሱን መያዝ ነበረበት። ያን ሰዓት ብቻውን መግባቱ ችግር መሆኑ ይቀር ነበር፣ የሚፈለገው እሱው ነበር። ከሪ ሲመለስ ደግሞ ክንፍ ላይ የሚመጣውን ጠንካራ አጥቂ መያዝ ነበረበት። አንድ ለአንድ ሲከላከል ጎበዝ ነው። ይሄ ልጅ እኮ ኮሌጅ አልተጫወተም። ኮንጎ ውስጥ ጎማ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ መጣ፣ በኤንቢኤ የማሳደጊያ ሊግ የወጣቶች ቡድን በነበረው በጂ ሊግ ኢግናይት አለፈ፣ በ2021 በኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠ፣ በ19 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ተሳስቶ የሚማርበት ጊዜ መቼ አገኘ?

የኦክላንዱ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ስለ ፓሱ ጋሼ አሳምነውኛል። ስለ ክሊፐርሱ ቀን ግን አልቀየርኩም። አሥር ደቂቃ ስጠው። ኳሱን ሲያቆም አውጣው፣ ለምን እንዳወጣኸው ንገረው፣ መልሰህ አስገባው። ዜሮ ደቂቃ ምን ያስተምረዋል?

አሰልጣኙ፦ አሥር ደቂቃው ላይ እስማማለሁ። ጃንዋሪ ላይ ቢሆን፣ ማርች ላይ ቢሆን። ያ ቀን ግን ካሸነፉ በቀጥታ የሚያልፉበት፣ ከተሸነፉ ፕሌይ-ኢን የሚወርዱበት ጨዋታ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የምታምነውን ሰው ነው የምታስገባው።

የኦክላንዱ፦ ከር ያመናቸውን አስገባ፣ በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈ፣ ፕሌይ-ኢን ወረደ።