የወረዳዎች የገቢና የድህነት ሠንጠረዥ ከክልሉ አኃዝ ጋር አልገጥም ብሎኛል፤ ነገ ጠዋት ይፈለጋል

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ዙሪያ፣ የሜጫና የይልማና ዴንሳ ወረዳዎች የቤተሰብ ገቢና ድህነት ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ማስረከብ አለብኝ። ከየወረዳው የተላከልኝን የገቢ ዝርዝር በኤክሴል ስሠራው፣ በ2008 በሜጫ ከድህነት ወለል በታች ያለ ቤተሰብ የለም ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። የአማራ ክልል አኃዝ ግን በዚያው ዓመት 26.1 በመቶ ነው። ቀመሩ ላይ ስህተት አላገኘሁም። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ።

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦
በመጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። በአገራችን ድህነት የሚለካው በገቢ ሳይሆን በፍጆታ ነው። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ የሚበላው ጤፍና ዳጉሳ ገበያ ባይወጣም በብር ተተምኖ ይቆጠራል። በአገር ደረጃ ከወለሉ በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 45.5 በመቶ፣ በ1992 44.2፣ በ1997 38.7፣ በ2003 29.6፣ በ2008 ደግሞ 23.5 በመቶ የሆነው በዚህ አለካክ ነው። የገቢ ዝርዝር ይዞ ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

አባል፣ ከፍኖተ ሰላም፦
መምህር እንዳሉት ነው፤ በገቢው ፈንታ ፍጆታውን ያስገቡ።

አባል፣ ከመራዊ፦
ወንድሜ፣ እኔ የምጠይቀው «የሜጫ ገቢ» የሚባል አንድ ነገር አለ ወይ ብዬ ነው። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ውኃው የሚደርሰውና የማይደርሰው ገበሬ በአንድ አማካይ ሲደመሩ የሁለቱም ኑሮ ይጠፋል። ባሕር ዛፉንም አይርሱት። ዛፉን ቆርጦ በአጣና የሸጠ ገበሬ በዚያ ዓመት ሀብታም መስሎ ይመዘገባል፤ ጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ ለሽያጭ እስኪደርስ ግን ከዚያ መሬት ለዓመታት ምንም አያገኝም።

አባል፣ ከአዴት፦
ከሁሉ በፊት የትኛውን የድህነት ወለል እንደተጠቀሙ ይንገሩን።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦
3,781 ብር ነው፤ ለሁሉም ዓመት ያው ነው። የቤተሰቡን ገቢ ለአባላቱ ቁጥር አካፍዬ ከእርሱ ጋር አስተያየሁት። ፍጆታ የሚባለው መረጃ ግን በእጄ የለም።

አባል፣ ከአዴት፦
እንግዲያው ችግሩ እዚያ ላይ ነው። 3,781 ብር የ2003 ወለል ነው። በ2008 ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ሆኗል፤ ከዚህ ውስጥ የምግቡ ብቻ 3,772 ብር ነው። ስለዚህ በ2008 ዓምድዎ ላይ ድሃ ብለው የቆጠሩት ለምግብ ብቻ የሚበቃ እንኳ ያላገኘውን ነው፤ ልብስ፣ መጠለያና ሌላው ወጪ ከሒሳቡ ወጥቷል። የ2008ን ዓምድ በ7,184 ደግመው ይሥሩት። ለአባላት ቁጥር ማካፈሉም ትክክል አይደለም፤ ሕፃኑ እንደ አዋቂ ስለሚቆጠር የነፍስ ወከፉ ድርሻ ያንሳል። ይህኛው ግን ድህነቱን የሚያበዛ እንጂ የሚያሳንስ ስላልሆነ፣ ያዩትን ልዩነት አላመጣውም። ለነገ ፍጆታ ማግኘት ስለማይችሉም ርእሱን «በገቢ የተገመተ» ብለው በግልጽ ይጻፉት።

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከ26.1 በመቶው ጎን እንዳያስቀምጡት አደራ። የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናቱ ናሙናውን የሚወስደው ክልልን እንዲወክል እንጂ እያንዳንዱን ወረዳ እንዲወክል አይደለም። በ2003 የክልሉ አኃዝ 30.5 በመቶ ነበር፤ በሁለቱ ጥናቶች መካከል ላሉት ዓመታት የድህነት መለኪያ ስለሌለ ከ2004 እስከ 2007 ያለውን የድህነት ዓምድ ባዶ ይተዉት። ኃላፊዎ ቢቆጡም ባዶው ከግምት ይሻላል።

አባል፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ፍጆታውን ከወረዳው መጠየቅ አይቻልም?

አባል፣ ከመራዊ፦
ወረዳው የፍጆታ መዝገብ አይዝም። ጠያቂያችን፣ አንድ ነገር ግን ከመተኛትዎ በፊት ይመልከቱ። ሜጫ አሁን ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፍሏል። የላኩልዎ ዝርዝር የሁለቱም ነው ወይስ መራዊ ያለበት የሰሜኑ ብቻ?