ከሮኬት ቱቦ የወጣው ተጣጣፊ ክንፍ ለምን በአፍንጫው ይተከላል?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በኮምቦልቻ የምንማር አምስት የምህንድስና ተማሪዎች ነን። በውጭ አገር የሞዴል ሮኬት ውድድሮች ላይ የሚበረውን ተጣጣፊ ክንፍ ያለው ግላይደር (ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ በራሪ) ለመሥራት ስንሞክር አንድ ወር አልፎናል። የባሩድ ሞተር ስለሌለን ክንፉን የምናወጣው በውሃ ሮኬት ነው፤ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ሲሶውን ውሃ ሞልተን በብስክሌት መንፊያ እስከ 4 ባር እንነፋዋለን፣ ክንፉም ተጠቅልሎ ከላይ በተገጠመው የካርቶን ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ከአፍንጫው የሚነሱት ሦስቱ ዘንጎች (አንዱ የመሃል፣ ሁለቱ የጎን) ከቀርከሃ የተሰነጠቁ፣ ሸራው ደግሞ ከስስ ፌስታል የተቆረጠ ሲሆን፣ ሸራውን በሚገባ ወጥረን ነው የለጠፍነው። ከአምስት ሙከራ በሁለቱ ክንፉ ጨርሶ ሳይዘረጋ ወደቀ፤ በሦስቱ ግን ተዘርግቶም እየተርገበገበ በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። ምን አጎደልን? ደሴ ወጥተን ብንሞክርስ ይሻል ይሆን?

መልስ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ
ወንድሞቼ፣ አብሽሩ፤ ዋናው ስሕተት ሸራውን መወጠራችሁ ነው። ይህ ክንፍ ነፋስ ከሥሩ ሲገባበት ከመሃል ዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት ጎድጓዳ ቅርጽ ሠርቶ መነፋት አለበት፤ ለዚህም ሸራው ከዘንጎቹ መከፈቻ ሰፋ ብሎ ይቆረጣል። የተለመደው ልክ ሸራው መሬት ላይ ሲነጠፍ አፍንጫው 90 ዲግሪ እንዲሆን፣ ዘንጎቹ ግን ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ብቻ ተከፍተው በክር እንዲገቱ ማድረግ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ሮጋሎ ከባለቤቱ ከገርትሩድ ጋር የዚህን ክንፍ የፈጠራ መብት በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጠይቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተሰፉት ከወጥ ቤት መጋረጃ ነበርና በፌስታል መጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። ናሳም በኋላ ሰው የሚጭኑትን የጀሚኒ የጠፈር መንኮራኩሮች በዚሁ ክንፍ ለማሳረፍ ብዙ ከደከመ በኋላ ወደ ፓራሹት ተመለሰ፤ ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ታጥፎ የቆየውን ክንፍ አየር ላይ በሰላም መዘርጋት ነበር።

መርገብገቡን በተመለከተ፣ ክንፉ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ሲጀምር ነፋሱ ከሥሩ መግባቱን ትቶ ሸራውን እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል፤ ያን ጊዜ ቅርጹን ስለሚያጣ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም። የመሃል ዘንጉን የኋላ ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይ አጉብጡት፤ የአፍንጫውንም ክብደት ትንሽ ቀንሱ። ከሁሉም በፊት ነፋስ በሌለበት አዳራሽ በእጅ ለቃችሁ ፈትኑት፤ ከእጅ ተለቆ ያልተንሳፈፈ ክንፍ ሮኬት ላይ መጫን የለበትም።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
ስላልተዘረጋው እኔ ልጨምር። ፌስታል ተጠቅልሎ ሲቆይ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ስለዚህ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና የምታጥፉት ልትተኩሱ ስትሉ ብቻ ይሁን። ቀርከሃው በራሱ አይከፍትም፤ አፍንጫው ላይ ሁለቱን የጎን ዘንጎች የሚገፋ የጠንካራ ሽቦ ሞላ ያስፈልጋል። ባሩድ የሚጠቀሙ ተወዳዳሪዎች ክንፉ ከቱቦው በሚገፋው ትኩስ ጋዝ እንዳይቀልጥ በመሃል መከላከያ ያደርጋሉ፤ ክንፉ የሚወጣበትን ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ይወስናል፤ ለምሳሌ ኤ8-3 በሚባለው ሞተር ላይ የመጨረሻው ቁጥር ሞተሩ ነድዶ ካበቃ በኋላ ክንፉ እስኪገፋ ያለው የ3 ሰከንድ ቆይታ ነው። የእናንተም የቱቦው ክዳን ሮኬቱ የከፍታው ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ መውደቅ አለበት፤ ዘግይቶ ከወደቀ ክንፉ ጉዞውን የሚጀምረው ቁልቁል ነው፣ ይህም ከላይ ወንድማችን ከገለጹት መርገብገብ ጋር ይያያዛል። እባካችሁ ባሩድ በቤት ለመቀመም ፈጽሞ አትሞክሩ።

መልስ፣ ከደሴ ሸዋ በር
ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የደሴ አየር ይሳሳል፤ ያው ክንፍ እዚህ 3 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። ልዩነቱ ለመንገዱ ድካም አይበቃም። ይልቅ ከአውሮፕላን ማረፊያው የራቀ ሜዳ ፈልጉና በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ሞክሩ።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሸራውን በ90 ቆርጠን ዘንጎቹን በ82 ዲግሪ ገታናቸው፤ ከአዳራሹ መድረክ ስንለቀው አሥራ አንድ እርምጃ ተንሳፍፎ በሆዱ አረፈ። ወደ ግራ ስለጎተተ ስንለካው የግራው ሸራ ከቀኙ በጥቂት ሚሊሜትር ልቅ ሆኖ አገኘነው፤ ነገ ያንን እናስተካክላለን።