ደርቃ የከረመች የእንጨት ጀልባ ውሃ አስገባች፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሲያትል)፦ ሰላም ቤተሰብ። ጡረታ ከወጡ አንድ ዓሣ አጥማጅ የ30 ጫማ የእንጨት ሞተር ጀልባ ገዛሁ። ሁለት በጋ የብስ ላይ ቆማ ነበር። ትናንት ሌክ ዩኒየን ላይ ስናወርዳት በየጣውላው መሀል ውሃ ይንፎለፎል ጀመር፤ ወዲያው አወጣናት። ባለቤቴ «ጀልባ ሳይሆን ወንፊት ነው የገዛኸው» ትላለች። በምን ልድፈነው?

የዳላሱ፦ ፋይበር ግላስ አልብሳትና ተገላገል።

አናጺው፦ ኧረ እንዳታደርገው! እርጥበቱ ከሥር ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ስቱኮም ጠቅጥቀህ አትሙላ፤ ጣውላው ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ምስማሩን ነቅሎ ይወጣል። አገር ቤት የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን እናሳድረው የለ? ያው ነው። ወደ ውሃው መልሳት፤ ግን ከማንሻው ቀበቶ ሳትፈታት። ሁለት ፓምፕ በየራሱ ባትሪ አስገባ፤ ሌሊት ሰው ይደርባት። ጥቂት ቀን ታገሥ።

ጠያቂ፦ ካልቆመስ ጋሼ?

አናጺው፦ ያኔ በጣውላዎቹ መሀል የተጠቀጠቀው የድሮ ጥጥ አርጅቷል ማለት ነው። ወጥቶ በአዲስ ጥጥ በመዶሻ ይደፈናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን አትሞክረው።

የሐይቅ ዳሯ፦ ወንድሜ፣ ከታች ካለው ውሃ ይልቅ ከላይ የሚወርደውን ፍራ። እንጨት የሚያበሰብሰው የዝናብ ውሃ ነው፤ የሲያትልን ዝናብ ታውቀዋለህ። በካቻቢቴ እየወጋህ ፈትሽ። የእኔዋ ላይ ቀለሙ የሚያበራ ጣውላ ነበር፤ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። ዕድሜዋ ግን አያስፈራህ። «አርተር ፎስ» የምትባለው ጎታች ጀልባ ከእንጨት የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1889 ፖርትላንድ ነው። በእንፋሎት ጀምራ በ1934 ባለ 700 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ሞተር ገባላት። ያንተዋ ገና ልጅ ናት።

ጠያቂ (በ4ኛው ቀን)፦ እግዜር ይስጥልኝ! በየ10 ደቂቃው ይነሳ የነበረው ፓምፕ አሁን በየ2 ሰዓቱ አንዴ ሆኗል። ከኋላ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ በሚወጣበት በኩል ግን አሁንም ይንጠባጠባል።

አናጺው፦ ሞተሩ ሲዞር ነው ቆሞ?

ጠያቂ፦ ሲዞር ብቻ። በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ።

አናጺው፦ እሱን ተወው። ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፤ ጨርሰህ ካጠበቅኸው ይግላል።