ከኬሞ በፊት እንቁላል ያስቀመጠች ካለች እባካችሁ ንገሩን

እህቴ የጡት ካንሰር ተገኘባትና በቅርቡ ኬሞ ልትጀምር ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱ የእንቁላል ማምረቻዋን ሊጎዳው ስለሚችል፣ ወደፊት ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ አሁኑኑ ወስኚ አላት። ግራ ገብቶናል።

እስካሁን የገባኝ፣ ለሁለት ሳምንት ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወስዳለች፣ የበሰሉት እንቁላሎች በቀጭን መርፌ ይወጡና በጣም በፍጥነት ቀዝቅዘው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣሉ። እንቁላል ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በረዶ ይሠራና ህዋሱን ይጎዳዋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሆርሞኑ ነው። ዕጢዋ ኢስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው፤ መርፌው ደግሞ ኢስትሮጅንን ከፍ ያደርጋል። ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ኢስትሮጅኑ ብዙ እንዳይጨምር ይይዘዋል ይባላል። በዚህ መንገድ ያለፈች አለች? ኬሞው ምን ያህል ዘገየባት?

እጮኛዋ ጽንስ አድርገን እናስቀምጥ ይላል። እሷ ያልዳበረውን እንቁላል ትመርጣለች፣ ምክንያቱም ነገ ምንም ቢፈጠር ውሳኔው የራሷ ብቻ ይሆናል። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

አክስታችን ደግሞ «ስቴም ሴል እያለ ምን አስቸኮላችሁ፣ በኋላ ከቆዳዋ እንቁላል ይሠሩላታል» እያለች ታዘናጋታለች። ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ የሚችል ህዋስ ነው። ከቆዳ ተነስቶ እንቁላል ተሠርቶ ግልገል የተወለደው ግን በአይጥ ነው፤ ለሰው የሚሰጥ ሕክምና አይደለም። እህቴን ሳላስደነግጥ ይህን እንዴት ላስረዳቸው? ለሐኪሙስ መጀመሪያ ምን ብለን እንጠይቀው?